ጀርባው የት ሄደ?

በምርቃት ሰሞን ከየዩኒቨርሲቲው ግቢ የሚወጡትን ፎቶግራፎች ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው አንድ የጋራ መልክ ያይባቸዋል። ጋዋን የለበሰችው ልጅ ከፊት ጥርት ብላ ትታያለች፤ የቆቧ ጫፍ፣ የያዘችው አበባ ቅጠል፣ የዓይኗ ኩል ሳይቀር ይለያል። ከበስተኋላዋ ያለው ግን፣ ሕንፃም ይሁን ዛፍ፣ ሕዝብም ይሁን አጥር፣ ጭጋግ ውስጥ ገብቷል። ቀድሞ እንዲህ ያለው ፎቶግራፍ የባለሙያ መለያ ነበር። ትልቅና ውድ ሌንስ የሌለው ሰው ቢመኘውም አያገኘውም። ዛሬ ግን በኪስ የሚያዝ ስልክ በአንድ ጣት ንክኪ ይሠራዋል።

ሁለቱ ጭጋጎች ሲያዩአቸው ይመሳሰሉ እንጂ አንድ አይደሉም። የፊተኛው መስተዋት ሳይወድ በግድ የሚፈጥረው ነው። የኋለኛው ግን ስልኩ ርቀትን ለክቶ፣ ወይም ገምቶ፣ በቁጥር አስልቶ የሚቀባው ነው። የመጀመሪያው የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ ሁለተኛው ውሳኔ ነው። ውሳኔ ደግሞ ወሳኝ አለው፤ የሚያተርፈውም የሚያጎድለውም አለው። በዚህ ጽሑፍ ጀርባን የማደብዘዝን ታሪክ ከቀዳዳው እስከ ቁጥሩ ባጭሩ ልተርክ፣ በመጨረሻም ነገሩ ለእኛ ለምን ሊያሳስበን እንደሚገባ የበኩሌን ልናገር እፈልጋለሁ። ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቀዳዳው ነገር

ለመሆኑ ሌንስ ለምን ያደበዝዛል? ነገሩ የሚጀምረው ከቀዳዳ ስፋት ነው። በጨለማ ክፍል ግድግዳ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ቢበሱ፣ የውጭው ዓለም ተገልብጦ በተቃራኒው ግድግዳ ላይ ይታያል። ይህን ነገር የዛሬ 1000 ዓመት ገደማ ኢብን አል ሀይሠም የተባለው ሊቅ አጥንቶታል። ቀዳዳዋ ጠባብ ስለሆነች ቅርቡም ሩቁም እኩል ይታያል፤ ነገር ግን የምታስገባው ብርሃን እፍኝ አይሞላም። ብርሃን ለማብዛት ቀዳዳው ይስፋ ቢባል ምስሉ ይበላሻል። በዚህ ጊዜ ነው ሌንስ ያስፈለገው። ጣሊያናዊው ዳንየሌ ባርባሮ በ1568 ባሳተመው መጽሐፍ ቀዳዳው ላይ ሌንስ እንዲገጠም፣ የሌንሱ ዳር ዳሩ ተሸፍኖ መካከሉ ብቻ ክፍት ቢተው ምስሉ የበለጠ እንደሚያምር ጽፏል። የዛሬው ፎቶግራፍ አንሺ የሌንሱን ዐይን የሚያጠብበትና የሚያሰፋበት ዘዴ ያን ጊዜ ተጀምሯል ማለት ነው።

ሌንስ አጥርቶ የሚያየው አንድ ርቀት ብቻ ነው። ከዚያ ርቀት ወዲህና ወዲያ ያለች የብርሃን ነጥብ ሁሉ ነጥብነቷ ቀርቶ ክብ ትሆናለች። የክቧ ስፋት ስንት ነው? ስሌቱ ከሚታሰበው በላይ ቀላል ነው። ፊቱ ከካሜራው 2 ሜትር ርቆ የተቀመጠን ሰው አጥርተን ብናነሣ፣ ከበስተኋላው እጅግ ሩቅ ያለች መብራት በሰውየው ፊት ልክ ስትለካ የሌንሱን ቀዳዳ ያህል ሰፍታ ትታያለች። ግድግዳው ከካሜራው 4 ሜትር ላይ ቢሆን ደግሞ በላዩ ያሉት ነጥቦች የቀዳዳውን ግማሽ ያህል ይሰፋሉ። ፎቶ አንሺዎች ለፊት የሚወዱት ባለ 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ በኤፍ 1.8 ሲከፈት ቀዳዳው ወደ 47 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ የሩቋ መብራት የሰውየውን ፊት ሲሶ ያህል የሰፋች ክብ ትሆናለች። በ2016 ገደማ ይሸጡ የነበሩት ጥሩ ስልኮች ሌንስ ግን 4 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ቀዳዳውም ከ2 ሚሊ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ነበር። ክቧ የምስር ፍሬ እንኳ አታህልም። ከዚያ ወዲህ የወጡት ስልኮች ዐይናቸው ሰፋ ቢልም ልዩነቱ አሁንም የሰማይና የምድር ነው። ስልክ በተፈጥሮው ቅርቡንም ሩቁንም እኩል የሚያይ፣ ማንንም ከማንም የማያበላልጥ ዐይን ነው ማለት ይቻላል።

ሰፊ ቀዳዳ የተፈለገው ግን ለማደብዘዝ አልነበረም። በ1839 የዳጌር ፈጠራ ለዓለም ይፋ ሲሆን፣ ሰው ለመነሣት ሳይነቃነቅ ለደቂቃዎች መቀመጥ ነበረበት። በ1840 ቪየና ላይ የሒሳብ ፕሮፌሰሩ ዮሴፍ ፔትስቫል ለሰው ፊት ማንሻ የሚሆን ሌንስ ቀመረ፤ ፎይክትሌንደር የተባለው የሌንስ ሠሪ ቤት አመረተው። ለዚያ ከባድ ስሌት ከኦስትሪያ መድፈኛ ጦር ሒሳብ የሚያውቁ ወታደሮች ተመድበውለት እንደ ነበር ይነገራል። ሌንሱ ኤፍ 3.6 ነበር፤ ከዚያ ቀደም ከነበሩት በብዙ እጥፍ የበለጠ ብርሃን ያስገባ ነበር። ፊቱ ሲጠራ ዳር ዳሩና ጀርባው ግን ደበዘዘ። የተፈለገው ብርሃን ነበር፤ ድብዘዛው ለብርሃኑ የተከፈለ ዋጋ ነው።

የመቅደላው ልጅና የወይዘሮ ካሜሮን ሌንስ

ይህን ዋጋ ወደ ጌጥነት ከለወጡት ሰዎች አንዷ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ናቸው። ወይዘሮ ካሜሮን በ1863 መጨረሻ፣ የ48 ዓመት ሴት ሳሉ፣ ልጃቸውና አማቻቸው ካሜራ በስጦታ ሰጧቸው። የሚኖሩት በእንግሊዝ አገር በዋይት ደሴት፣ ፍሬሽወተር በምትባል መንደር ነበር። የዶሮ ቤታቸውን የፎቶ ክፍል አድርገው ሥራ ጀመሩ። በሰፊ መስተዋት ላይ ቀረብ ብለው ያነሡ ስለ ነበረ ዓይን ሲጠራ ጆሮ ይደበዝዛል፣ አፍንጫ ሲጠራ ፀጉር ይለሰልሳል። የዘመኑ የፎቶግራፍ ጋዜጦች ይህን ካለማወቅ ቆጥረው ተሳለቁባቸው። እርሳቸው ግን ለወዳጃቸው ለሳይንቲስቱ ጆን ኸርሽል በጻፉት ደብዳቤ፣ ትክክለኛው ትኩረት ይህ ነው ብሎ የመወሰን መብት ያለው ማን ነው ሲሉ ጠየቁ። ይህ ጥያቄ ዛሬም አልተዘጋም።

ከዚህ ላይ ነው ታሪኩ ወደ እኛ የሚዞረው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሕይወታቸውን አሳለፉ። የ7 ዓመት ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ተወሰደ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በመንገድ ላይ ዐረፉ። ልጁ ዋይት ደሴት እንደ ደረሰ፣ በዚያው በ1868 በሐምሌ ወር፣ በወይዘሮ ካሜሮን ካሜራ ፊት ተቀመጠ። ብቻውን የተነሣቸው ፎቶግራፎች አሉ፤ ሐበሾቹ ባሻ ፈለቀ ይሉት ከነበረው ከሞግዚቱ ከካፒቴን ስፒዲ ጋር የተነሣቸውም አሉ።

በዚያው ዓመት ሌላ ካሜራም ነበር። የጄኔራል ናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች ፎቶግራፍ አንሺዎችን ይዞ ነበር። እነርሱ ያነሡት ሰፈሩን፣ ገደሉን፣ ማለፊያውን፣ አምባውን ነው። የጦር ሰው ከፎቶግራፍ የሚፈልገው መሬት ነውና፣ ከእግር ሥር ካለው ድንጋይ እስከ አድማሱ ተራራ ድረስ እንዲታይ ተደርጎ የተነሣ ነው። እነዚያን ፎቶግራፎችና የወይዘሮዋን ሥራ አጠገብ ለአጠገብ አድርጌ ስመለከት አንድ ሐሳብ አይለቀኝም። የፊተኞቹ መሬቱን ያለ ልጁ፣ የኋለኞቹ ልጁን ያለ መሬቱ አስቀርተውልናል። በወይዘሮ ካሜሮን ፎቶ ላይ ያለው ልጅ በየት አገር፣ በማን ቤት፣ በምን ዓይነት ክፍል እንደ ተቀመጠ ከጀርባው ተነሥቶ መናገር አይቻልም። የቀረልን ፊቱ ብቻ ነው። ፊቱ ደግሞ ብዙ ይናገራል፤ ልስላሴው ለሐዘኑ ቅርበት ሰጥቶታል። ያም ሆኖ ልጁ ከቦታው መነቀሉን ፎቶግራፉም ሳያስበው ደግሞ ነቅሎታል። ልዑል ዓለማየሁ በ1879 በ18 ዓመቱ በሊድስ ከተማ ዐረፈ፤ አስከሬኑም በዊንድዘር ነው። በ2023 የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት አስከሬኑን ለመመለስ እንደማይችል አስታውቋል።

ጥራት ወይስ ልስላሴ?

ከወይዘሮ ካሜሮን በኋላ ክርክሩ ወዲያና ወዲህ ሲል ኖረ። በ1889 ፒተር ሄንሪ ኤመርሰን የተባለው ሐኪምና ፎቶግራፍ አንሺ፣ የሰው ዓይን ራሱ ያተኮረበትን ብቻ እንጂ ሁሉን በአንድ ጊዜ አጥርቶ አያይም፤ ስለዚህ ፎቶግራፍም ዋናውን አጥርቶ ሌላውን ለስለስ ማድረግ አለበት ሲል ጻፈ። ብዙም ሳይቆይ ግን ፎቶግራፍ ጥበብ ነው ማለቱን ራሱ ሻረው። በ1932 ደግሞ በሳን ፍራንሲስኮ አንሰል አዳምስ፣ ኤድዋርድ ዌስተን፣ ኢሞጀን ከኒንግሃምና ጓደኞቻቸው ተሰባስበው ቡድናቸውን ‹‹ኤፍ 64›› አሉት። ስሙ የጠባብ ቀዳዳ ቁጥር ነው። ከጠጠሩ እስከ ተራራው ሁሉ ይጥራ፣ ልስላሴ ማታለል ነው ባዮች ነበሩ። ጃፓናውያን በበኩላቸው ለድብዘዛው መልክ ቃል ነበራቸው፤ ‹‹ቦኬ›› ይሉታል። በ1997 አንድ የአሜሪካ የፎቶግራፍ መጽሔት ስለ ቃሉ ተከታታይ ጽሑፍ አወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ቃሉ የዓለም ፎቶ አንሺዎች ሁሉ ቃል ሆነ። ወሬው መደብዘዙ ብቻ መሆኑም ቀረ፤ የትኛው ሌንስ ‹‹አሳምሮ ያደበዝዛል›› የሚለው መነጋገሪያ ሆነ።

በነገራችን ላይ የእኛም ሠዓሊዎች ‹‹ዋናው ማነው?›› የሚለውን ጥያቄ ያውቁታል። መልሳቸው ግን ሌላ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ርቀት አይደበዝዝም። ዋናው ሰው በመጠን ይገዝፋል፤ ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ይመለከታል፤ ክፉው በጎን ተሥሎ በአንድ ዓይን ይቀራል። ከኋላ ያለው መልአክ ከፊት ካለው ፈረስ ባልተናነሰ ጥራት ይሣላል። ፎቶ ቤቶቻችንም ተነሺውን ከጀርባ ለመለየት ሲፈልጉ ሸራ ላይ የተቀባ መጋረጃ ይሰቅሉ ነበር። ሸራው ቦታ አይሰርዝም፤ ሌላ ቦታ ይተካል። ፏፏቴና ቤተ መንግሥት ቢሆንም እንኳ ሰውየው የት ለመሆን ይመኝ እንደ ነበር ይነግረናል።

ርቀትን ለማሽን ማስተማር

እስካሁን ያወራነው ስለ መስተዋት ነው። ሥዕል በኮምፒዩተር መሥራት ሲጀመር ግን ችግሩ ተገለበጠ። በቁጥር የተሠራው ሥዕል ከመጠን በላይ ጥርት ያለ፣ ስለዚህም ሕይወት የሌለው መሰለ። በ1981 ማይክል ፖትሜሲልና ኢንድራኒል ቻክራቫርቲ መፍትሔ አቀረቡ። እያንዳንዷ ነጥብ ከካሜራው ያላት ርቀት ይታወቃል፤ እንግዲህ እውነተኛ ሌንስ ቢኖር ኖሮ ምን ያህል ክብ ትሆን እንደ ነበር ማስላት፣ ቀለሟንም በዚያ ክብ ላይ መርጨት ነው። በ1984 ደግሞ በሉካስፊልም የሚሠሩት ሮበርት ኩክ፣ ቶማስ ፖርተርና ሎረን ካርፔንተር የበለጠ ለእውነት የቀረበ ዘዴ አመጡ። ብርሃኑ በሌንሱ ገጽ ላይ በአንድ ነጥብ ብቻ ሳይሆን በልዩ ልዩ ነጥቦች እንደሚያልፍ አድርጎ ማስላት ነበር። ዛሬ በካርቱን ፊልሞች የምናየው ለስላሳ ጀርባ የዚያ ልጅ ነው።

ለእነዚህ ሰዎች አንድ ነገር ቀሏቸዋል። ዓለሙን የፈጠሩት እነርሱ ናቸውና የእያንዳንዱ ነገር ርቀት በእጃቸው ነበር። በፎቶግራፍ ግን ርቀት ይጠፋል። ቅርብ ያለች ጀበናና ሩቅ ያለ ጋን በወረቀት ላይ እኩል ሊታዩ ይችላሉ። ስለዚህ ፎቶን ከተነሣ በኋላ እንደ ትልቅ ሌንስ አድርጎ ለማደብዘዝ መጀመሪያ የጠፋውን ርቀት መመለስ ያስፈልጋል።

የመመለሻው ቁልፍ በ1838 ተገኝቷል። ቻርልስ ዊትስተን የተባለው እንግሊዛዊ፣ ሁለቱ ዓይኖቻችን በ6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚራራቁ የተለያየ ምስል እንደሚያዩ፣ የቅርብና የሩቅ ስሜታችንም ከዚሁ ልዩነት እንደሚመጣ አሳየ። አንባቢ አውራ ጣቱን ከፊቱ ዘርግቶ ዓይኖቹን እያፈራረቀ ቢጨፍን፣ ጣቱ ከግድግዳው አንጻር ሲዘል ያየዋል። ጣቱን ሲያርቀው ዝላዩ ይቀንሳል። ማሽኑም የሚሠራው ይህንኑ ነው። 4 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት ሌንሶች በ1 ሴንቲ ሜትር ቢራራቁ፣ 1 ሜትር ላይ ያለ ነገር በሁለቱ ምስሎች መካከል 0.04 ሚሊ ሜትር ይዘላል፤ 2 ሜትር ላይ ያለው 0.02፣ 4 ሜትር ላይ ያለው 0.01 ሚሊ ሜትር። አንዷ ፒክሰል የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ብትሆን ዝላዩ 40፣ 20 እና 10 ፒክሰል ነው ማለት ነው። ይህ ሊቆጠር ይችላል። 20 ሜትር ላይ ያለው ግን 2 ፒክሰል ብቻ ይዘላል፤ 40 ሜትር ላይ ያለው 1። ስለዚህ ስልክ ቅርቡን በደንብ ይለያል፤ ሩቁን ከሩቁ መለየት ግን ይቸግረዋል።

በዚህ መንገድ ላይ ብዙ ሙከራ ተደርጓል። ፈረንሳዊው ጋብርኤል ሊፕማን በ1908 የብዙ ጥቃቅን ሌንሶችን ረድፍ በፊልም ላይ በማድረግ ብርሃኑ ከየት አቅጣጫ እንደ መጣ ጭምር የሚመዘግብ ፎቶግራፍ አልሞ ነበር። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሬን ንግ በ2006 ባጠናቀቀው የዶክትሬት ሥራ ይህንን ሐሳብ በእጅ ወደሚያዝ ካሜራ አመጣው፤ ያቋቋመው ላይትሮ የተባለው ኩባንያም በ2012 ካሜራውን መሸጥ ጀመረ። ፎቶው ከተነሣ በኋላ ትኩረቱን ከፊት ወደ ኋላ ማዞር ይቻል ነበር። ሕዝቡ ግን ሌላ ካሜራ መያዝ አልፈለገም፤ ኩባንያው በ2018 ተዘጋ። ያሸነፈው ቀድሞውኑ በኪስ ያለው ስልክ ነው። በ2014 ኤችቲሲ ከኋላው ሁለት ካሜራ ያለው ስልክ አወጣ። በዚያው ዓመት ጎግል አንድ ካሜራ ብቻ ላላቸው ስልኮች፣ ተጠቃሚው ስልኩን ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ሲያነሣው ከእንቅስቃሴው ርቀትን የሚያወጣ ፕሮግራም አቀረበ። አፕል በ2016 በአይፎን 7 ፕላስ ‹‹ፖርትሬት›› የሚለውን ስልት ሲያመጣ ነገሩ የሁሉ ሰው ሆነ።

በ2017 ደግሞ የጎግል ፒክሰል 2 ስልክ በአንድ ካሜራ ብቻ ይህንኑ ሠራ። በሴንሰሩ ላይ ያለችው እያንዳንዷ ፒክሰል ለሁለት የተከፈለች ናት፤ አንደኛዋ ግማሽ በሌንሱ ግራ፣ ሌላዋ በቀኙ በኩል የመጣውን ብርሃን ታያለች። የሁለቱ ዕይታ ልዩነት ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው፤ ዝላዩም በዚያው መጠን ከፒክሰል ቤት ወደ ክፍልፋይ ይወርዳል። ይህን ጉድለት የሞላው ኒውራል ኔትወርክ ነው። እጅግ ብዙ የሰው ፎቶዎችን አይቶ የተማረው ፕሮግራም የትኛው ክፍል ሰው፣ የትኛው ጀርባ እንደ ሆነ ይለያል። በ2020 አፕል በአንዳንድ መሣሪያዎቹ ላይ ሊዳር የተባለውን መለኪያ ጨመረ። የማይታይ ብርሃን ተረጭቶ የሚመለስበት ጊዜ ይለካል። 2 ሜትር ላይ ደርሶ ለመመለስ ብርሃን የሚፈጅበት የሰከንድ ቢሊዮንኛ 13 ያህሉ ብቻ ነው።

በሌላ በኩል ከአንድ ተራ ፎቶ ብቻ ርቀትን መገመት የሚያስችል ትምህርትም አድጓል። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በ2005 በዚህ ላይ ጽፈዋል፤ ከዚያ ወዲህ በብዙ ተሻሽሏል። ይህ ማለት ከ100 ዓመት በፊት የተነሣ የአያት ፎቶ እንኳ ርቀቱ ተገምቶ ጀርባው ሊደበዝዝ ይችላል ማለት ነው። ግምት ግን ልኬት አይደለም። ማሽኑ ያን ክፍል አላየውም፤ እንደዚያ ያሉ ክፍሎችን ግን ብዙ አይቷል።

የቅቡ ስሕተቶች

ርቀቱ ከታወቀ በኋላም ሥራው አያልቅም። በመጀመሪያ ጠርዝ አለ። እውነተኛ ሌንስ ሰፊ ስለሆነ ከትከሻ ጀርባ ያለውን ነገር በትከሻው ዳር አሾልኮ ያያል፤ ስልኩ ግን አላየውም። ስለዚህ የትከሻው ቀለም ወደ ጀርባው እንዳይፈስ ከልክሎ የጎደለውን በግምት ይሞላል። ሁለተኛ መብራት አለ። የሩቅ አምፖል ብርሃን ከሴንሰሩ አቅም በላይ ስለሚሆን በፎቶው ላይ ነጭ ብቻ ሆኖ ይመዘገባል፤ ትክክለኛው ብርታቱ ይጠፋል። ያንን ነጭ በክብ ላይ ቢረጩት የሚወጣው የፈዘዘ ግራጫ ነው። እውነተኛው ሌንስ ግን ብርሃኑን የሚበትነው ከመመዝገቡ በፊት ነውና ክቡ ያበራል። ሦስተኛ፣ ሲደበዝዝ የፎቶው ጥቃቅን ቅንጣት አብሮ ስለሚጠፋ ጀርባው እንደ ፕላስቲክ ይለሰልሳል፤ ጎበዝ ፕሮግራም ቅንጣቱን መልሶ ይነሰንስበታል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ፀጉር ነው። አንዷ የፀጉር ዘለላ ግማሽ ፒክሰል ልትሆን ትችላለች፤ በዘለላዎቹ መካከል ደግሞ ጀርባው ይታያል። ማሽኑ የፊትን ዳር እንደ መቀስ ሲቆርጥ ጎፈሬው ይከረከማል፤ ያልተሠራ ሉጫ ያልሆነ ፀጉር ክብ ቆብ ይመስላል፤ የሹሩባ ጫፍ ጭጋግ ውስጥ ይቀራል። ይህ የሒሳብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ማሽኑ የተማረው ከየትኞቹ ፎቶዎች እንደ ሆነም ይናገራል። ጎግል በ2021 ጥቅልልና ሞገደኛ ፀጉር ያላቸውን ሰዎች ከጀርባቸው አስተካክሎ ለመለየት ፕሮግራሙን እያሻሻለ መሆኑን ሲገልጽ፣ ችግሩ እንዳለ በአደባባይ መመስከሩ ነበር። ጠርዙን የሚወስን ማን ነው የሚለው የወይዘሮ ካሜሮን ጥያቄ እዚህም ተመልሶ መጣ።

ምን እናጣለን?

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ውበትን አልቃወምም። የእናቱን ፊት ከተዝረከረከ ጓዳ ለይቶ ማንሣት የሚፈልግ ልጅ ሐሳቡ የተቀደሰ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ድብዘዛው ልማድ ሲሆን ነው።

ፎቶግራፍ አንሺው ካሰበው ይልቅ ያላሰበው ለታሪክ ይበልጥ የሚጠቅምበት ጊዜ ብዙ ነው። የሠርግ ፎቶ ሲነሣ የሙሽሮቹ ፊት ይታሰባል፤ ከኋላ ያለው የሱቅ ማስታወቂያ፣ የበረንዳው እንጨት፣ የመንገዱ ድንጋይ፣ ቆሞ የሚያየው ሕፃን ግን አይታሰብም። ከ50 ዓመት በኋላ ግን ሰው ጣቱን የሚቀስረው በእነርሱ ላይ ነው። በ2024 መጀመሪያ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የፒያሳ ብዙ ክፍል ፈረሰ። ያ ሰፈር የነበረውን መልክ ዛሬ መፈለግ የሚሻ ሰው ወዴት ይሄዳል? ወደ ቤተሰብ አልበም ነው። በድሮው ፊልም የተነሡት ፎቶዎች ጀርባቸውን ይዘዋል። በቅርብ ዓመታት በስልክ ከተነሡት መካከል ግን ስንቶቹ ናቸው ከሰውየው ጀርባ ቡናማና ግራጫ ጭጋግ ብቻ የያዙት? ቤቱ አንዴ በግሬደር፣ አንዴ በቁጥር ሁለት ጊዜ ፈረሰ ማለት ነው።

ለዚህ ሕመም መድኃኒቱ ራሱ በሽታው ውስጥ መኖሩ ደስ ይላል። የሌንስ ድብዘዛ አይመለስም፤ አንዴ ፊልሙ ላይ ከተበተነ የጠፋው ጠፍቷል። የስልክ ድብዘዛ ግን ቅብ ነው። ብዙዎቹ ስልኮች ጥርት ያለውን ዋና ፎቶና የርቀቱን ካርታ ከደበዘዘው ጋር በአንድ ፋይል ውስጥ፣ ወይም ለብቻው ያስቀምጣሉ። ከ2018 ወዲህ በወጡ አይፎኖች ላይ የድብዘዛውን መጠን ፎቶው ከተነሣ በኋላ መቀነስና ጨርሶ ማጥፋት ይቻላል። ነገር ግን ፎቶው በመልእክት መላኪያ ለዘመድ ሲላክ አብዛኛውን ጊዜ ተጨምቆ፣ ዋናውንና ካርታውን ጥሎ፣ የደበዘዘው ብቻ ይሄዳል። ስልኩ ሲሰረቅ ወይም ሲበላሽ የሚቀረው ያ የተላከው ነው። በውጭ አገር ላለች እህት የተላከው የአባት ፎቶ ለልጅ ልጅ ሲተርፍ፣ አባትየው የት ደጃፍ ላይ እንደ ተቀመጡ የሚነግር ነገር አይኖረውም።

ስለዚህ ምክሬ ሁለት ነው። የቤተሰብ ፎቶ የሚያነሣ ሰው አንዱን በድብዘዛ ቢያነሣ ሌላውን ያለ ድብዘዛ ያንሣ፤ የሚጨምረው የሁለት ሰከንድ ድካም ነው። ዋናውን ፋይል ደግሞ ሳይጨመቅ ከስልኩ ውጭ በሌላ ዕቃ ላይ ይገልብጥ። ቤት ሲሸጥ፣ ሰፈር ሲነሣ፣ ሽማግሌ ሲታመም ይህ ሥራ ለነገ አይባልም። ስሙንና ቀኑን፣ ከተቻለም የቀበሌውን ስም በጽሑፍ ቢያክልበት የበለጠ ነው።

ከሁለት መቶ ዓመት በሚያንስ ጊዜ ውስጥ ነገሩ ሙሉ ዙር ዞሯል። ፔትስቫል ብርሃን ፈልጎ ጀርባውን አጣ፤ ወይዘሮ ካሜሮን የጠፋውን ጀርባ ወደው ተቀበሉት፤ እኛ ደግሞ ሁሉን አጥርቶ የሚያይ ዐይን በእጃችን ይዘን ጀርባውን ከፍለን እናጠፋለን። የልዑል ዓለማየሁን ፊት ለ150 ዓመታት ያቆየችልንን ሴት አመሰግናለሁ። ያ ልጅ የተቀመጠበትን ክፍል፣ በመስኮቱ የሚታየውንና በበሩ የቆመውን ግን ዛሬ ማንም ፕሮግራም አስልቶ አያመጣልንም። የእኛን ልጆች በተመለከተ ያ ክፍል ገና በእጃችን ነው።